ፋርስ የት ወረዳ ነው?

በ1990 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ ቀበሌው አዲስ መታወቂያ ማውጣት ጀመረ። አዲሱን መታወቂያ ያልያዘ አባወራ ቤቱ በስሙ አይመዘገብም ተባለ። ያልተመዘገበ ቤት ደግሞ ለከተማው ፕላን ይወሰዳል። ይህን በገበያው መሀል በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ ዋሉ። የሰማ ሁሉ ሄዶ ተሰለፈ። እኔም ተሰለፍሁ።

መታወቂያው ላይ ስም አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ሥራ አለ። ከሥራው በታች ብሔር የሚል አለ። እኔ ቦንጋ ተወልጄ ቦንጋ አርጅቻለሁ። አባቴ ግን ከሰሜን የመጣ ወታደር ነበር። ጸሐፊው ወልደ ማርያም የሚለውን ስሜን ሰምቶ አማራ ብሎ ጻፈ። አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተከራከርሁም።

ከኋላዬ የቆመው ባህራም ግን ተከራከረ።

ባህራም አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ነው። በጃንሆይ ጊዜ በወጣትነቱ በዓደን በኩል መጥቶ በእንጨት መሰንጠቂያ መካኒክ ሆኖ ሠራ። ዜግነት ወሰደ። የዚሁ አገር ልጅ እትዬ በዛወርቅን አገባ። ወፍጮ ተከለ። ልጅ አልወለዱም። ረጅም፣ ቀጭን፣ አፍንጫው የጎበጠ ሰው ነው። ከተማው ሁሉ ዐረቡ ይለዋል። የዐረቡ ወፍጮ፣ የዐረቡ ሚስት፣ የዐረቡ አጥር። ይህን በሰማ ቁጥር፣ ያለው ሕፃን ይሁን ሹም፣ ሥራውን አቁሞ «ዐረብ አይደለሁም፤ ፋርስ ነኝ» ይላል። ዐረብን ንቆ አይደለም። ዐረብ የራሱ ክብር ያለው ሕዝብ ነው፣ እኔ ግን አይደለሁም ይላል። አርባ ዓመት ሙሉ ሲናገር ማንም አልያዘለትም።

ጸሐፊው ከፈለኝ በዚያ ዓመት ከቢታ ገነት የመጣ ወጣት ነው። ትሑት ነው፤ የእጅ ጽሑፉም ያምራል። ብዕሩን ይዞ ስሙን ጻፈ፤ ዕድሜውን ጻፈ፤ ሥራውን ወፍጮ ቤት ብሎ ጻፈ።

«ብሔር?»

«ፋርስ።»

ከፈለኝ ብዕሩን አነሣ። «ፋርስ የት ወረዳ ነው?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ባህራም አልሳቀም።

«ከወረዳ ይበልጣል» አለው። «ከህንድ ተነሥቶ እስከ ኩሽ ይደርስ ነበር።»

«አሁንስ የት ነው?»

«አሁን ፊትህ ቆሟል።»

ከፈለኝ ወረቀቶቹን አገላበጠ። እያንዳንዱ ብሔር ኮድ አለው። ፋርስ ኮድ የለውም። ዐረብ ልበልዎ ወይ አለው፤ አይሆንም አለ። በባለቤትዎ በኩል ካፊቾ ልበልዎ አለው፤ ካፊቾ እሷ ናት አለ። በመጨረሻ ጸሐፊው መፍትሔ ያገኘ መስሎት ደስ አለው። ከዝርዝሩ ግርጌ ሌሎች የሚል ነበር፤ እሱ ኮድ ነበረው።

ባህራም እዚያ ላይ የተለመደ ታሪኩን ጀመረ። ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ዱቄት የጋገረበት ሥዕል አለ፤ ከቀን መቁጠሪያ የተቆረጠ። የድንጋይ ደረጃ ነው። ወፍጮ ያስፈጨ ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል፤ ባያውቀውም ሰምቶታል። ዳርዮስ የሚባል ንጉሥ በተራራ ሥር ቤተ መንግሥት ሠራ። በመውጫው ደረጃ ላይ ከሥሩ ያሉትን ሕዝቦች አስቀረጸ። ሜዶኑ በቆቡ፣ ህንዱ በግልድሙ፣ ባቢሎኑ ከወይፈኑ ጋር። ጠራቢው ለእያንዳንዱ የራሱን ጠጉርና የራሱን ልብስ ሰጠው። በመጨረሻ፣ በደረጃው ጥግ፣ የኩሽ ሰዎች አሉ። ጠጉራቸው ከርዳዳ ነው፤ የዝሆን ጥርስ ተሸክመዋል፤ አንገቱ የረዘመ የዱር እንስሳ ይስባሉ።

«ያ ንጉሥ የዚህን ወገን ሰው ሲያስቀርጽ ሌሎች ብሎ አላስቀረጸም» አለው ለከፈለኝ። «እናንተም እኔን ሌሎች ብላችሁ አትጽፉኝም።»

ከኋላ አንዱ፣ «ዐረቡ፣ ዝሆንህን ወደ ጎን አርገውና እኛን አሳልፈን» አለ። ባህራም ዞረ። ዐረብ አይደለሁም፤ ፋርስ ነኝ አለ። ከሰልፉ ወጥቶ ሄደ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ እቤቱ ደረሰ። እትዬ በዛወርቅ ስትናገር አጥሩ ድምፅ አይከለክልም።

«ከተማው ዐረብ ይበልህ፣ ቱርክ ይበልህ፣ ምን ቸገረህ? ወፍጮው ዐረብ ነህ ብሎ መፍጨት ተወ?»

እሱ ዝግ ብሎ፣ አንቺን ወላይታ ብለው ቢጽፉሽ ዝም ትያለሽ ወይ አላት።

«ቤቴን ከተዉልኝ ቻይና ይበሉኝ። በእርጅናዬ በዚህ ዝናብ ንጉሥህ ደረጃው ላይ ያስጠጋኛል?»

ልክ ነበረች። ቤቱ በዋናው መንገድ ዳር ነው፤ በፕላኑ ሰዎች ዓይን ገብቷል። ከዚያ ቢወጡ የሚገቡበት የላቸውም። በእሷ ስም ይመዝገብ ተብሎም ተጠይቆ ነበር። አባወራው በሕይወት እያለ አይሆንም ተባለ።

የቀበሌው ሊቀመንበር በማግስቱ ስለ ባህራም ብሔር መልስ ላከ። በአገሩ የታወቁ ሦስት ሰዎች ቀርበው፣ ይህ ሰው የዚህ ሕዝብ ነው ብለው ከማሉ፣ ያለ ኮድ በእጅ ይጻፍለታል። እስከ ዓርብ ነው። ከዓርብ በኋላ የቤቶቹ መዝገብ ወደ ላይ ይሄዳል።

ባህራም መጀመሪያ ወደ እኔ መጣ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ችሎት አስከባሪ ነበርሁ። ምስክር ሲምል ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ አይቻለሁ።

«ፋርስ ነኝ ስትል አርባ ዓመት ሰምቻለሁ» አልሁት። «እሱን እምላለሁ። አገርህን አላየሁም፤ አየሁ ብዬ አልምልም።»

«ይበቃኛል» አለ።

ሁለት ቀሩ፤ ለመፈለግ አብሬው ወጣሁ። አንድ ነጋዴ ዘንድ ሄደ፤ እንዲህ የሚባል ሕዝብ መኖሩንም አላውቅም አለው። የቤተ ክርስቲያን ሰው የሆነውን መሪጌታ ጉግሳን ጠየቀ። መሪጌታው ፋርስን ያውቃል። ቂሮስ ምርኮኞችን ወደ አገራቸው እንደ ሰደደ፣ የተዘረፈውን የቤተ መቅደስ ዕቃም እንደ መለሰ ነገረን። ደግ ንጉሥ ነበር አለ። ሆኖም ያ ሕዝብ ጥንት አልፏል፤ ላለፈ ሕዝብ ዛሬ አልምልም አለ።

«ትናንት በቆሎህን ያስፈጨኸው ያለፈ ሰው ዘንድ ነው?» አለው ባህራም።

መሪጌታው ሳቀ። ግን አልማለም።

ባህራም በጓሮ ክፍሉ እሳት አለው። ይህንም ከተማው በሌላ ስም ይጠራው ነበር። የእሳት አምላኪ ይሉታል። በሸክላ ላይ የሚነድ ትንሽ እሳት ነው፤ አጥፍቶት አያውቅም። በትንፋሹ አያራግበውም፤ ርጥብ እንጨት አያገባበትም። አናመልከውም፤ ፊቱ ቆመን ነው የምንጸልየው ይላል። በቦንጋ ክረምት ደረቅ እንጨት ማግኘት ቀላል አይደለም። የሚያመጣለት ወዳጆ ነው።

ወዳጆ ማንጃ ነው። ማንጃዎች በጫካው ዳር ይኖራሉ፤ እንጨትና ከሰል ይሸጣሉ። የዱር ሥጋ በላችሁ እየተባሉ ሌላው አብሯቸው አይበላም፤ እቤቱም አያስገባቸውም። በመንገድ ሲያገኙን ከመንገድ ይወርዱ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ በስብሰባ ላይ እኩል ናችሁ ተብለዋል። ከስብሰባው ሲወጡ መንገዱ እንደ ነበረ ነው። እኔም ከወዳጆ እንጨት እገዛለሁ። ገንዘቡን አጥሩ ላይ አስቀምጥለታለሁ።

ባህራም ግን ከነሸክሙ በፊት ለፊት በር ያስገባዋል።

ረቡዕ ጠዋት ዋለ ከሚባል ሰው ዘንድ ሄድን። ዋለ የሚኖረው ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ፣ ከጫካው ቡና አጠገብ ነው። የካፊቾ ሽማግሌ ነው። ችሎት ላይ ሲመሰክር ብዙ ጊዜ አይቸዋለሁ። እሱ ከተናገረ ዳኛው ሌላ ምስክር አይጠራም ነበር። ከደጁ በታች በንጉሦቻቸው ዘመን የተቆፈረ የምሽግ ቦይ አለ። ፈረስ ከነጋላቢው የሚውጥ ነበር፤ ዛሬ ቅጠል ሞልቶታል። ከቆፈሩት አንዱ የዋለ አያት ነው።

ዋለ ማር ከነሰፈፉ አቀረበልን። ነገሩን አስቀድሞ ሰምቶታል። በል አጫውተኝ አለው።

ባህራም ከቂሮስ ጀመረ። ወደ ዳርዮስ አለፈ። ከከተማ ከተማ የተዘረጋውን የንጉሥ መንገድ፣ በየማደሪያው ፈረስ የሚቀይሩትን መልእክተኞች፣ ገደል ላይ የተጻፈውን ጽሑፍ ነገረው። ደረጃው ላይ ሲደርስ ዋለ እጁን አነሣ።

«የዝሆን ጥርስ የያዙት ሰዎች፣ ወደው ነው ያመጡት?»

«ስጦታ ነው ይባላል። ግብር ነው።»

«እንደዚያ በል። የእኛም ንጉሥ ከጎረቤት ግብር ይቀበል ነበር። በኋላ ገባሪዎቹ እኛ ሆንን። ንጉሣችንን በሰንሰለት ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ግብር የሚያስገባ ሰው ሥዕል ሲያሳዩኝ፣ ዙፋኑን አይደለም የማየው።»

ባህራም ይህን ተቀበለ። እንደውም አንድ ጨመረለት። ከንጉሦቻቸው አንዱ ወደ ኩሽ ንጉሥ መልእክተኞች ከነስጦታ ላከ ይባላል። ሰላዮች ነበሩ። የኩሽ ንጉሥ ስጦታውን አይቶ አንድ ትልቅ ደጋን ሰጣቸው። ይህን በቀላሉ የሚገትር ሰው ስታገኙ ያኔ ኑ ብሎ መለሳቸው።

«መጡ?»

«መጡ። በመንገድ ተርበው ተመለሱ።»

ዋለ ሳቀ። ሲስቅ አይቸው አላውቅም ነበር። ይህኛውን ወደድሁት አለ። ከዚያ ሳቁን ተወ።

«ግን ለንጉሥ ምስክር አያሻውም። በድንጋይ አስቀርጿል። እኔ የምምለው ለአንተ ነው። አባትህ ማን ነው?»

በእነሱ ዘንድ ልማዱ ይህ ነው። ሰው የየትኛው ሕዝብ ነው ተብሎ ሲመሰከር አባቱ፣ አያቱ፣ ቅድመ አያቱ ከነሥራቸው ይጠራሉ። መስካሪው ስሞቹን በራሱ አፍ ደግሞ ይምላል። ውሸት ከሆኑ የሚረክሰው የመስካሪው ቤት ነው።

ባህራም በአርባ ዓመት ውስጥ ከንጉሦቹ ወደ አባቱ ወርዶ አያውቅም። እኔም ጠይቄው አላውቅም። ማሩን ገፋ አደረገው።

«ባህራም የሩስታም ልጅ» አለ። «ሩስታም የኮዳራም ልጅ። ኮዳራም የመህርባን ልጅ።»

«ሥራቸው?»

«ቆፋሪዎች።»

አገራቸው የዝድ ይባላል። በረሃ ነው። ውኃ ከተራራ ሥር በመሬት ውስጥ ለውስጥ ያመጣሉ፤ ከላይ ቢሄድ ፀሐይ ትጠጣዋለች። ቆፋሪው በጨለማ እየተሳበ የቀናት መንገድ ይቆፍራል። አፈሩ ቢደረመስበት ከፈኑ እንዲሆን ነጭ ለብሶ ይገባል። አባቱ ይህን ሠራ። አያቱም ይህን ሠራ።

ከዚያ ሌላውን ነገረው። በጥንት ጊዜ አገሩን ሌላ ኃይል ያዘው፤ ሃይማኖቱም ተለወጠ። አብዛኛው ሕዝብ አዲሱን ተቀበለ። ጥቂቶች እሳቱን እንደ ያዙ ቀሩ። ለእነዚያ ጥቂቶች ከተማው ደንብ አወጣላቸው። ፈረስ ላይ አይቀመጡም፤ በአህያ የሄደም ሰው ሲያይ ይወርዳል። የቤታቸው አጥር ቆመው እጃቸውን ቢዘረጉ ከሚደርሱበት አይበልጥም። ልብሳቸው ከሩቅ እንዲለይ ቢጫ ነው። ገበያ ላይ ፍሬ በእጃቸው አይነኩም። ዝናብ ሲዘንብ ከቤት አይወጡም፤ ከእነሱ ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ አላፊውን ያረክሳል።

«አባቴ ልጅ ሳለ ይህ ደንብ ገና አልተሻረም ነበር» አለ። «የዝድ ዝናብ ብርቅ ነው። ብርቁን በመስኮት እያየ አደገ።»

ባህራም ዝናብ ሲዘንብ ጥላ ሳይዝ ከወፍጮ ቤቱ እየወጣ መንገድ ላይ ይቆም ነበር። ከተማው በዚህ ይስቅበታል። ስቄበታለሁ አልልም፤ ግን ገርሞኝ ያውቃል። ያን ዕለት ገባኝ።

«አዲሱን ሃይማኖት ቢቀበሉስ?» አለ ዋለ።

«በፈረስ ይሄዱ ነበር።»

«ለምን አልተቀበሉም?»

«አያቴ ለምን እንደ ሆነ አልነገረኝም። በእግሩ ሄደ።»

ዋለ ከዚያ ስሞቹን አንድ በአንድ በራሱ አፍ ደገማቸው። ሩስታም። ኮዳራም። መህርባን። ባህራም አጠራሩን አስተካከለለት፤ እሱም እንደገና ደገመ።

«ጥሩ አባቶች ናቸው» አለ። «ዓርብ እመጣለሁ። ሦስተኛው ማን ነው?»

«ወዳጆ።»

«የትኛው ወዳጆ?»

«እንጨት የሚያመጣልኝ።»

ዋለ ተነሣ። አልተቆጣም። በዝግታ ነው የተናገረው።

«እኔ ከማንጃ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጬ አልምልም። ሌላ ሰው ፈልግ።»

ባህራምም ተነሣ። ሁለቱም ረጃጅሞች ናቸው። «ሌላ ሰው አልፈልግም።»

«ቤትህን ብታጣ እንኳ?»

«ቤቴን ባጣ እንኳ። አባቶችህን ንገረኝ አልህ፤ ነገርሁህ። አባቴን ዝናብ ላይ አትውጣ ያለው ሰው ክፉ አልነበረም። ሽማግሌ ነበር። እንግዳ ሲመጣበት ማር ያቀርብ ነበር። ዋለ፣ ያን ጊዜ የዝድ ብትኖር አንተ በፈረስ ላይ ነበርህ።»

ዋለ ወደ ቤቱ ገባ። በሩ ሲዘጋ አልጮኸም፤ ግን ተዘጋ።

በመንገድ ላይ ሌላ ሦስተኛ እንዲፈልግ ነገርሁት። ሁለት ስም ጠራሁለት። ባህራም ራሱን ነቀነቀ። ያን ሁሉ ዓመት በዚህ ከተማ ዐረቡ ብሎ ያልጠራኝ ማን ነው አለኝ። አሰብሁ። እኔ ራሴ ፊቱ ስሙን እጠራለሁ፤ ከኋላው ግን ሌላው እንደሚለው እላለሁ። ሳላስበው ነው። ወዳጆ በመጀመሪያው ቀን ሸክሙን ሳያወርድ ማን ይባላሉ፣ የማን ወገን ነዎት ብሎ ጠየቀው። ከዚያ ወዲህ ተሳስቶ አያውቅም።

ወዳጆ ግን አልፈለገም። ሐሙስ እንጨት ይዞ ሲመጣ እዚያው ነበርሁ። «ጋሼ፣ እኔ ከመሰከርሁ ሽማግሌው ይቀራሉ። ቤቱ በእኔ ምክንያት ይሄድብዎታል።»

«ይሂድ።»

«እትዬስ?»

እትዬ በዛወርቅ ከጓዳ ወጣች። እሷ ካፊቾ ናት። ወዳጆን ባሏ በፊት በር ቢያስገባውም፣ እሷ የምትሰጠውን በቅጠል ላይ አድርጋ ነበር የምትሰጠው። አየችው። ተመልሳ ገባች። የባሏን ጥቁር ኮት ይዛ መጣች።

«ቤቴን የሚያሳጣኝ ሰው ቢያንስ ኮት ይልበስ» አለች። በቅጠል ሳይሆን በእጇ ሰጠችው።

ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። ቢሮው ውስጥ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። እኔ፣ ባህራምና እትዬ በዛወርቅ ተቀመጥን። ወዳጆ ኮቱን ለብሶ ከውጭ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመ። ጣሪያው ያፈሳል። ግባ ቢባል እዚሁ ይሻለኛል አለ። በወንበሩ ላይ የነበሩ ሌሎች ባለጉዳዮችም እሱ ካልገባ እንደሚሻላቸው አየሁ።

ከፈለኝ አንድ መስካሪ ይጎድላል አለ። ሊቀመንበሩ ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ፈርሞ ይልካል። ትንሽ ጠብቁ አለን። ጠበቅን። እትዬ በዛወርቅ ነጠላዋን ትጠመዝዝ ነበር። ባህራም አልተንቀሳቀሰም። ወደ እኔ ዞሮ፣ አሁን እንኳ ዐረብ ነው በልልኝ ቢለኝ እላለሁ ብዬ ሳስብ፣ ሐሳቤን ያወቀ ይመስል አየኝ።

ከምሳ ሰዓት በፊት ዋለ መጣ። በእግሩ ነው የመጣው። ልብሱ ረጥቧል። በሩ ላይ ሲደርስ ወዳጆ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ማፈግፈጊያ ስለሌለ ከጣሪያው ሥር ወጥቶ ዝናቡ ላይ ቆመ። ዋለ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ባህራምን አየ። ወዳጆን አየ።

«ግባ» አለው ዋለ።

«ደህና ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ከአንተ ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ ማንንም አያረክስም። ግባ።»

ወዳጆ ገባ። ዋለ በወንበሩ አንድ ጫፍ ተቀመጠ፤ ወዳጆ በሌላው ጫፍ። መሀል ላይ ሦስታችን ነበርን። ከባለጉዳዮቹ ሁለቱ ተነሥተው ወጡ።

መጀመሪያ እኔ ማልሁ። የሰማሁትን ተናገርሁ። ቀጥሎ ዋለ ተነሣ። የባህራምን አባቶች ከነሥራቸው ጠራ። በመሬት ውስጥ ውኃ ያመጡ ነበር አለ። በእግራቸው ይሄዱ ነበር አለ። ስለ ንጉሦቹ አንድም አላነሣም። ስሞቹ ውሸት ከሆኑ ቤቴ ላይ ይሁን ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዳጆ ተጠራ።

«የእሳቸውን አገር አይተሃል?» አለው ከፈለኝ።

«አላየሁም።»

«ታዲያ በምን ታውቃለህ?»

ወዳጆ አማርኛው ብዙ አይደለም። ቃል እየፈለገ ተናገረ። «እኔን ሰው ሲሰድበኝ ዝም እላለሁ። ስለሚደክመኝ ነው። እሳቸው ሰው ዐረብ ሲላቸው ዝም አይሉም። በየቀኑ ነው የሚሏቸው፤ በየቀኑ ነው የሚመልሱት። የውሸት ቢሆን ደክሟቸው ይተዉት ነበር።»

ከፈለኝ ብዕሩን ያዘ። የባህራምን መታወቂያ አወጣ። ብሔር በሚለው ፊት፣ ኮዱ በሚገባበት ጠባብ ቦታ፣ በሚያምር ጽሑፉ ፋርስ ብሎ ጻፈ። እትዬ በዛወርቅ ትንፋሿን ለቀቀች። ቤቱንስ አለች። ቤቱም ዛሬ ይመዘገባል አላት።

የቀረው የመስካሪዎቹ ቃል መፈረም ነበር። የእያንዳንዱ መስካሪ ስምና ብሔር ከፊርማው በላይ ይሰፍራል። እኔን አማራ ብሎ ጻፈ። ዋለን ካፊቾ ብሎ ጻፈ። ከፈለኝ ወዳጆንም ሳይጠይቅ ካፊቾ ብሎ መጻፍ ጀመረ።

ወዳጆ እጁን ወረቀቱ ላይ አደረገ።

«ቆይ» አለ። «ማንጃ በል።»

ከፈለኝ ግራ ተጋባ። ካፊቾ ቢባል ለራስህ ይሻልሃል አለው። እውነቱን ነው፤ ለደግ ብሎ ነው የተናገረው።

ወዳጆ ዋለን ዞሮ አየው። ቀጥ አድርጎ ሲያየው ያን ቀን ገና አየሁ። «ጌታዬ፣ ልጅዎን ለልጄ ይድሩልኛል?»

ዋለ ዓይኑን ወደ ዱላው አወረደ።

«አብረን እንበላለን?»

ዋለ፣ «አልዋሽህም» አለ። «ዛሬ አንበላም።»

«እንግዲያው ስማችሁን አታልብሱኝ። ማንጃ ነኝ። ስድብ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ፤ ስሙ የአባቴ ነው።»

«ኮድ የለውም» አለ ከፈለኝ።

«ለእሳቸው በእጅ ጻፍህላቸው። ለእኔም በእጅ ጻፍ።»

ከፈለኝ እኔን አየ፤ እኔ ዋለን አየሁ። ዋለ ዱላውን ይዞ ተነሣ። ብዙ ችሎት ስላየሁ፣ ከምስክርነቱ ሊወጣ ነው ብዬ ሠጋሁ። እሱ ከወጣ መታወቂያውም ቤቱም ይቀራሉ። ባህራምም ይህን ያውቃል። ቢሆንም ወዳጆን ተው አላለውም።

«ያለውን ጻፍለት» አለ ዋለ። ጣቱን በቀለሙ ነክሮ መጀመሪያ እሱ ፈረመ። ከአጠገቡ ወዳጆ ፈረመ። የሁለቱ አሻራ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሆነ። ከዚያ ዋለ ደህና ዋሉ ብሎ ወደ ዝናቡ ወጣ። አብረን አልሄድንም። ማርም አልቀረበ። ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልጽፍም።

ማህተሙ ተመታ። ወደ ቤት ስንመለስ ባህራም መታወቂያውን ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎ እጁን ጫነበት፤ ዝናቡ ግን ራሱ ላይ ይወርድ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ በዚያ አለፍሁ። መታወቂያ ማውጣቱ ገና አላለቀም፤ ቢሮው ደጅ ከጫካው ዳር የመጡ ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ ወንዶችም ሴቶችም። ከመንገዱ አልወረዱም። መንገዱ መሀል ነው የተሰለፉት፤ እኔ ዞሬ አለፍሁ። በመስኮቱ የከፈለኝ ድምፅ ይሰማ ነበር። ኮድ የለውም እያለ ያስረዳል። የመጀመሪያዋ ተሰላፊ አሮጊት ናት። ጎንበስ ብላ መስኮቱን አንኳኳች።

«በእጅ ጻፍ» አለችው።